ገብሱ ባለበት ፋብሪካው ተተከለ፤ ወጣቱ ባለበትስ?



በጋዜጣ የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች ዘወትር እከታተላለሁ። ለራሴ ሥራ ፈልጌ ሳይሆን ከእኔ ክፍል ያለፉ ልጆች ስለሚጠይቁኝ ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ወይም ኔትወርክ የሚዘረጋ ባለሙያ የሚፈልገው ኩባንያ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን «የሥራ ቦታ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የሚነበበው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ፈተናውም እዚያው፣ ቃለ መጠይቁም እዚያው ነው። ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ነውና ወጣቱ ገና ሳይቀጠር የአባቱ በግ ለመሳፈሪያና ለማደሪያ ተሸጦ ያልቃል። ቢቀጠርም ደመወዙን የሚወስደው ቤት አከራዩ ነው።

ስለ አርሲ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሩጫና ገብስ ነው። እውነት ነው፤ ኃይሌን ያፈራች አሰላ፣ ደራርቱን ያፈራች በቆጂ ናት። ይሁን እንጂ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአርሲ ዩኒቨርሲቲም አለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተከታትሎ የምስክር ወረቀቱን በእጁ የያዘ ወጣትም በሠፈራችን አለ። ትምህርቱ በስልክ እቤቱ ድረስ ከመጣለት ሥራው የማይመጣበት ምክንያት ምንድን ነው?

ዕውቀት ወደ ታናሽ ከተማ ሲመጣ አሰላ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የምንለው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው ከዚሁ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ነበር። ሊቃውንቱ ከገበሬው ጎን ተቀመጡ። ዘሩ በቁሉምሳ ተፈተነ፣ የእርሻ መሣሪያው በአሰላ ተሞከረ። የቁሉምሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ዛሬም የስንዴ ዘር ያወጣል። በ1970ዎቹ የተቋቋመውም የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የተተከለው ገብሱ ከሚበቅልበት አጠገብ ነው።

ሆኖም ከካዱ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁሉ የሚያስደስት አይደለም። ምርቱ መጨመሩን ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሥተውታል። ኩባንያዎችም ወደ እኛ የሚመጡት ርካሽ ጉልበት ፍለጋ ብቻ ከሆነ ነገሩ ከዚያ አይለይም። ለአንድ ዓይነት ሥራ የአዲስ አበባውና የአሰላው ሠራተኛ ደመወዝ እኩል ይሁን። «እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው» የሚለው ምክንያት አይዋጥልኝም፤ ፕሮግራሙ በአሰላ ስለ ተጻፈ በርካሽ አይሸጥምና።

ከሌላ አገር ምሳሌ ለሚፈልግ፣ ዞሆ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በታሚል ናዱ ግዛት ተንካሲ በምትባል ታናሽ ከተማ ቢሮ ከፍቷል። ከሁለተኛ ደረጃ የወጡ ልጆችን በራሱ ትምህርት ቤት እያስተማረ ይቀጥራል። የሚያመርተውንም ፕሮግራም ለዓለም ሁሉ ይሸጣል።

የአዲስ አበባ ቀጣሪዎች «በክፍለ ሀገር መብራት ይጠፋል፣ መሥመሩም ይቆራረጣል» ይላሉ። እኛም ፈተና በምናርምበት ማታ መብራት ሲጠፋ የምናውቀው ነው። ነገር ግን ይህ ችግር አዲስ አበባንም የዘለለ አይመስለኝም። ኩባንያው እዚያ ጄኔሬተር ይገዛል፤ እዚህ ቢገዛ ምን ይከለክለዋል? ለመብራትና ለቴሌ መሥሪያ ቤቶች ግን አንድ ቃል አለኝ። የሚቋረጥበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ብትነግሩን ግማሹ ችግር ተቃለለ ማለት ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን የወረቀት መዝገባቸውን ወደ ኮምፒዩተር እያዛወሩ ነው። ለዚህ ሥራ ከኩባንያ ጋር ውል ሲፈራረሙ «ከሥራው ይህን ያህሉ ከአዲስ አበባ ውጭ ይሠራ» የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ብዙ ልጆች ከወላጆቻቸው ሳይለዩ ደመወዝ ይበሉ ነበር።

እስከዚያው ድረስ፣ የሥራ ማስታወቂያ የምታዘጋጁ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎች ሆይ፣ ቢያንስ የቅጥሩ ፈተና በአሰላም እንዲሰጥ ብታደርጉ ምን ይጎዳችኋል? የመማሪያ ክፍሎቻችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ ባዶ ናቸው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአሰላ