ኮንቴነሩ ሞጆ በባቡር ይግባ

ከጅቡቲ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርስ ኮንቴነር ሁለት መንገድ አለው። በጋላፊና በሚሌ አድርጎ በከባድ መኪና ይመጣል፤ ወይም በድሬዳዋ በኩል በኤሌክትሪክ ባቡር። አስመጪው ዕቃው በደህና ከገባለት በየትኛው እንደመጣ ላይገደው ይችላል። ለአየሩና በመንገዱ ዳር ለሚኖረው ሕዝብ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ደረቅ ወደብ ለአካባቢ ጥበቃ ይበጃል ሲባል የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ጭነቱ ሞጆ ድረስ በሐዲድ ሲመጣ ነው።

አንድ የጭነት ባቡር በአንድ ጉዞ ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ይዞ ይመጣል። አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው የሚጭነው 2 ነው። ስለዚህ አንድ ባቡር በተንቀሳቀሰ ቁጥር 50 ያህል መኪኖች ከአስፋልቱ ይወርዳሉ። መኪኖቹ የሚያቃጥሉት በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ናፍጣ ነው፤ ባቡሩ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ከውኃ በሚመነጭ የአገራችን ኤሌክትሪክ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ፣ ያንኑ ጭነት ለማንቀሳቀስ የሚፈልገው ኃይልም ከመኪናው በእጅጉ ያንሳል።

ጉዳዩ በቶንና በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካም አይደለም። ሞጆ ደረቅ ወደብ ደጃፍ ወረፋ የሚጠብቅ የመኪና ረዳት ከተሳቢው ሥር ጥላ ፈልጎ ጋደም ይላል። ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ሞተር ይነሳል፤ ጥቁር ጭስ እየተትጎለጎለ በቆሎ የምትጠብሰዋን ሴትና ከትምህርት ቤት የሚመለሱትን ልጆች ያለብሳል። ጥቂት ሜትር ተሄዶ እንደገና ይቆማል። ይህን ጭስ በየዕለቱ የሚተነፍሰው የሞጆ ከተማ ነዋሪ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲያግድ፣ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ በምክንያትነት አቅርቧል። ይህ ምክንያት ለጭነት ትራንስፖርት ይበልጥ ይሠራል። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውም፣ በመኪናም ሆነ በባቡር፣ በጅቡቲ በኩል ይመላለሳል። እንዲህ ያለ ሐዲድ ተዘርግቶ ሳለ ረጅሙን ጉዞ ለናፍጣ መተው፣ በዚህ ጋዜጣ እምነት፣ ተቀባይነት የለውም። ማዳበሪያና ስንዴን የመሰለ ብዛት ያለው ጭነት በቅድሚያ ለባቡር ይሰጥ። ቡናውና ጥራጥሬውም ሞጆ ላይ ታሽጎ በመልሱ ይጫን፤ ፉርጎዎቹ ባዷቸውን ወደ ጅቡቲ መውረድ የለባቸውም።

ባቡሩም የራሱ ዕዳ አለበት። የኃይል መቆራረጥና የመሠረተ ልማት ስርቆት ሥራውን ሲያስተጓጉሉት ቆይተዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የአርብቶ አደሩ ጉዳይ ነው። ግመሉ ለተገጨበት ሰው ስለ ንጹሕ አየር መስበክ ነውር ነው። ለከብቶቹ ማለፊያ ይሠራለት፤ አጥሩ ይጠበቅለት፤ ካሳውም ሳያመላልሱት ይከፈለው። የአካባቢው ሰው ሐዲዱን የእኔ ብሎ ካልጠበቀው በዘበኛ ብዛት አይጠበቅም።

የባለ መኪኖችን ሥጋት አናቃልልም። በብድር የተገዛ መኪና ያለው ሰው ጭነቱ ወደ ባቡር ሄደ ሲባል ቢደነግጥ እውነት አለው። ሆኖም ባቡር እስከ መጋዘን በር አይሄድም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያከፋፍለው መኪና ነው። ይህ ሥራ በአግባቡ ከተደለደለና የጉምሩክ ሥርዓቱ ሞጆ ላይ ቶሎ ካለቀ፣ መኪናው ወረፋ የሚፈጅበትን ቀን ሠርቶ ያተርፍበታል።

ወደቡንና ባቡሩን የሚመሩት መሥሪያ ቤቶች ሞጆ የገባውን ኮንቴነር ብዛት ሲገልጹ፣ ከዚያ ውስጥ በባቡር የመጣው ስንት እንደሆነ ለይተው በየወሩ ለሕዝብ ያሳውቁ። የደረቅ ወደቡ ማስፋፊያ በጀት ሲጠየቅም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ቁጥር ይሁን።