ባህር ዛፉ ከቤቱ ይራቅ?

ይራቅ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ገጠር ቤቱ፣ የጭድ ክምሩና ባህር ዛፉ ተጠጋግተው ነው የሚቆሙት። ከጥር እስከ ሚያዝያ ሁሉም ደረቅ ነው። የነጭ ባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ሲያያዝም ንፋስ እንደ ችቦ ይዞት ይሄዳል። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ፣ በዛፉ አገር፣ ጥር 30 ቀን 2001 ዓ.ም. የተነሳው ሰደድ እሳት 173 ሰው ገድሏል፤ ከ2,000 በላይ ቤት አውድሟል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጃክ ኮኸን በካናዳ ደን የእንጨት ግድግዳዎች አቁሞ ደኑ ሲቃጠል አጥንቷል። 10 ሜትር ላይ የነበረው የተያያዘበት ጊዜ አለ፤ 20 ሜትር የራቀው አልተያያዘም። የምጠይቀውም ይህንኑ 20 ሜትር ነው። በመሃል ጎመንና ድንች ይተከል። ፍንጣሪ ከዚያም በላይ ስለሚሻገር ክምሩም ይራቅ።

ይቆይ

ሃያ ሜትር! ስናን ወረዳ አክስቴ ቤት ሄዶ ከግድግዳው 20 ሜትር የቆጠረ ሰው የጎረቤት ገብስ ውስጥ ይገባል። ባሏ ሲሞት የቀራት ጥሪት ይህ የጓሮ ባህር ዛፍ ነው። አጠናውን ሸጣ ልጆቿን ደብረ ማርቆስ አስተማረች፤ የሣር ክዳኑን አውርዳ ቆርቆሮ መታች። ለሣር ክዳን አንዲት ፍንጣሪ ትበቃው ነበር። ታዲያ ቤቷን ከእሳት የጠበቀላት ማን ነው?

እሳቱስ ከየት ይነሳል? ማር ቆራጭ ጥሎት ከሄደው ችቦ፣ ማሳ ሲመነጠር ከተለኮሰ ቁጥቋጦ፣ ከምድጃ ፍም። የጎረቤቷ ክምር የተያያዘ ጊዜ እሪታ ተሰማ፤ ሰው ሞፈር ቀንበሩን ጥሎ ሮጠ፤ ሴቶች በእንስራ ውሃ፣ ወንዶች በአካፋ አፈር እያመላለሱ ቤቱን አተረፉት። የተጣላም ነበረ፤ ያን ቀን ጠቡን ያስታወሰ የለም። ስለዚህ አውስትራሊያን አትንገሩኝ። ምትክ ሳይሰጧት ባሏ የሞተባትን ሴት ዛፍሽን ቁረጪ ማለት ግፍ ነው።

የመጀመሪያው መልስ

«አውስትራሊያን አትንገሩኝ» አይባልም። ዘሩ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው ከዚያው ነው፤ ዘሩን ተቀብለን ጠባዩን አንሰማም ልንል አንችልም። በ2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ሲቃጠሉ የአካባቢው ሕዝብ ነቅሎ ወጥቶ ታገለ፤ ያም ሆኖ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ ባለሙያዎች ከእስራኤል መምጣት ነበረባቸው። እሪታ የሚያድነው እሳቱ ገና ክምር ላይ ሳለ ነው።

የሁለተኛው መልስ

ጎመንና ድንች ይተከል ተባለ። አክስቴ ጎመን ሸጣ ቆርቆሮ አልመታችም፤ የምትመታም አይመስለኝም። ክምሩ ይራቅ፣ እስማማለሁ። ዛፉን ግን ተዉላት። ባልደረባዬ የሚፈራውን ቅርፊት በጋውን ሙሉ እየለቀመች ምጣድ ሥር ትማግደዋለች።