«ከግል ስብስብ የወጣ» የሚለው ቃል ስንት ያወጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ገና ስልኩን ሲያነሳ የሚላቸው ነገሮች ይታወቃሉ። «የኤምባሲ መኪና ነው።» «አንድ ሰው ብቻ ነው የያዘው።» «ዶክተር ናቸው፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው።» ገዢው ፈገግ ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ መካኒኩን ይዞ ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን እዚያ ሰፈር ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ ባለው የሞተር ሳይክል ገበያ ይኸው የደላላ ቃል ኮትና ከረባት ለብሶ ይመጣል። «ከግል ስብስብ የወጣ» ይባላል። አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ሞተር ታጥቦና ተወልውሎ ነጭ ግድግዳ ፊት ይቆምና ፎቶ ይነሳል። ከሥሩ «ጥቂት ማይል ብቻ የሄደ፣ ሙቀቱ በተመጠነ ጋራዥ የተቀመጠ» ይጻፋል። ዋጋው ግን ሰው በየቀኑ ሲነዳውና ሲያስጠግነው ከኖረው መንትያው በብዙ ይበልጣል። አዲስ አበባ ቢሆን መካኒክ ይጠራ የነበረው ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ካርዱን ያወጣል። «ስብስብ» የሚለው ቃል ከሙዚየም የመጣ ይመስላላ!

አንድ ሞተር ለምሳሌ ይወሰድ። ዱካቲ ሃይፐርሞታርድን እ.ኤ.አ. በ2005 ሚላን ላይ በናሙና አሳይቶ በ2007 ለገበያ አቀረበው። 1,078 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ለመንገድ የተሠራ ቢሆንም መልኩ የሱፐርሞቶ ነው፤ ማለትም የጭቃ ውድድር ሞተር ቁመት ይዞ የአስፋልት ጎማ የተገጠመለት። ሱፐርሞቶ ራሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1979 ካሊፎርኒያ ውስጥ ለቴሌቪዥን በተዘጋጀ ውድድር ሲሆን፣ ጥያቄውም በአስፋልትም በአቧራም ላይ ማን ይበልጣል የሚል ነበር። የዚህ ዘር የሆነውን ሞተር በጨርቅ ሸፍኖ ማኖር የጉግስ ፈረስ በጋጣ አስሮ እንደማድለብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሃይፐርሞታርድ በውሃ ወደሚቀዘቅዝ ሞተር ሲዞር የፊተኛው «የማይደገም» ተባለ። ሸፋኞቹም በዙ።

ይሁን፣ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። ችግሩ ሲሸጡት ነው የሚጀምረው።

ሞተር በመቆም አይድንም። የዚህ ሞተር ቫልቮላዎች የሚታዘዙት በጎማ ቺንጋ ነው። ፋብሪካው ቺንጋው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም እየተቆጠረ እንዲቀየር ያዘዘው፣ ጎማ ሳይሠራም ስለሚያረጅ ነው። እየሄደ ቢበጠስ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚወራው ስለ ጥገና ሳይሆን ስለ አዲስ ሞተር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ቁልቁለት ላይ ሲግል ፍሬኑ ይላላል። ታንክ ውስጥ የተረሳ ቤንዚን በወራት ውስጥ ይበላሻል። የዚያ ዘመን የዱካቲ ፕላስቲክ ታንኮች ኤታኖል በተቀላቀለበት ቤንዚን ማበጣቸውማ አሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ ነው። ጎማውስ? በጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታትሟል፤ 2308 ከሆነ በ2008 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ፣ ጥቁረቱም የሚያብረቀርቅ ሊሆን ይችላል። የደረቀ ጎማ ግን በመጀመሪያው እርጥብ መታጠፊያ ላይ ነጂውን መሬት ላይ ያስተኛዋል። ማስታወቂያው «የፋብሪካው ጎማ እንዳለ ነው» ብሎ የሚመካውም በዚሁ ጎማ ነው።

እንግዲህ «ጥቂት ማይል» ተብሎ የተሸጠው ጤና አይደለም። ያልተሠራ ሥራ ነው።

ያም ማይል ቢሆን በማን ቃል ነው የታመነው? በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሻጭ ሲያስተላልፍ የቆጣሪውን ንባብ በፊርማ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም የ2010 እና ከዚያ በፊት ሞዴሎች አሥር ዓመት ከሞላቸው ነፃ ናቸው። የ2008 ሃይፐርሞታርድ በዚህ ነፃነት ውስጥ ይወድቃል። ቆጣሪ ማጭበርበር ዛሬም ወንጀል ነው፣ ይሁንና ዋጋው የቆመበት ቁጥር የሚፈረምበት ግዴታ የለውም። አሮጌ መኪና የሚሸጡ ነጋዴዎች መስታወት ላይ እንዲለጥፉ የሚገደዱት የመረጃ ወረቀትም ሞተር ሳይክልን አይመለከትም። «የግል» የሚለው ቃል ደግሞ ሌላም ሥራ አለው። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ይሆናል የሚለው ያልተጻፈ ዋስትና የሚጠበቀው ከነጋዴ ነው፤ ከግለሰብ የገዛ ባለበት ሁኔታ ነው የሚረከበው። ስለዚህ አንዱ ቃል ዋጋውን ወደ ላይ ሲሰቅል ኃላፊነቱን ወደ ታች ይጥላል። በየወሩ ሞተር የሚቀያይር ነጋዴ «ከግል ስብስብ» ብሎ ሲጽፍ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ሰብሳቢዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ባዶ አይደለም። ነጂዎች ሃይፐርሞታርድ እጃቸው ሲገባ ጭስ ማውጫውን ይቀይራሉ፣ ጅራቱን ይቆርጣሉ። ፋብሪካ እንደሠራው የሚቀረው እነሱ ያስቀመጡት ነው ይላሉ። እውነት ነው። በየክረምቱ ባትሪውን ቻርጀር ላይ የሚሰካ፣ ዘይት በየዓመቱ የሚቀይር፣ ቺንጋውን ሳይነዳው እንኳ በጊዜው የሚያስለውጥ ሰብሳቢም አለ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ተጨማሪ መክፈል ያስከብራል። ግን እሱ የሚታወቀው በማስታወቂያው ሳይሆን በደረሰኙ ነው። ለሃያ ሺህ ዶላር ቀለም የሚጨነቅ ሰው የሁለት ገጽ የጥገና ደረሰኝ ጠፋብኝ ሲል፣ ደረሰኙ ድሮም አልነበረም።

ገዢ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፦ የጎማውን አራት አሃዝ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ፣ ቺንጋው የተቀየረበት ቀን ያለበት ወረቀት፣ የፍሬን ዘይቱ ዕድሜ፣ ሞተሩ በርዶ እያለ ሲነሳ የሚያሳይ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ። ሻጩ ለዚህ «የስብስብ ሞተር ነው፣ ምንም አልተነካም» ብሎ ከመለሰ መልሱን ሰጥቷል። ቺንጋው አልተነካም፣ ዘይቱ አልተነካም፣ ጎማውም አልተነካም ማለት ነው። የእነዚህ ሁሉ ማስቀየሪያ ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀነስ።