ቤት ሳይሆን ጎረቤት

ኩዝጉንጁክ በኢስታንቡል የእስያ ወገን፣ በኡስኩዳር ሥር የምትገኝ ትንሽ ሰፈር ናት። ፊቷን ወደ ቦስፎረስ ሰርጥ አዙራለች። ከባሕሩ ዳር የሚነሣው የኢጃዲዬ ጎዳና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በዳቦ ቤቶችና በሻይ ቤቶች መካከል ሽቅብ ይዘልቃል። ግራና ቀኙን ቀለማቸው የደመቀ የእንጨት ቤቶች ተደርድረዋል።

ሰፈሯን ዝነኛ ያደረጋት የአምልኮ ቦታዎቿ ጉርብትና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአርመኖች ቤተ ክርስቲያንና እ.ኤ.አ. በ1952 የታነጸው መስጊድ ጎን ለጎን ቆመዋል። የግሪኮች ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ምኩራብም ሩቅ አይደሉም። ጎብኚው በመቻቻሉ ተደንቆ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ፎቶው ውስጥ የሌለው ሰው ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከነዋሪዋ የሚበዛው አርመን፣ አይሁድና ግሪክ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው የሀብት ግብር በእነዚህ ወገኖች ላይ ከሌላው እጅግ ከብዶ ተጣለ፤ መክፈል ያቃተው ንብረቱ በሐራጅ ተሸጠ፣ ወደ ጉልበት ሥራ ካምፕ የተጋዘም ነበር። በሴፕቴምበር 1955 በኢስታንቡል የግሪኮች ሱቅ፣ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተዘረፈ፤ አርመኑና አይሁዱም አልተረፈም። በ1964 ደግሞ የግሪክ ዜግነት ያላቸው ከአገር ተባረሩ። ከአይሁዱም ብዙው ወደ እስራኤል ሄደ። ግድግዳው ቀረ፤ ደወሉን የሚሰማው ሰው ግን ተበተነ።

ቱርኮች «ቤት አትግዛ፣ ጎረቤት ግዛ» ይላሉ። ለዚህ ተረት ሕይወት የሰጠው በሰፈሯ እምብርት ያለው የአትክልት ቦታ ይመስለኛል። ነዋሪው እስከ ዛሬ የሚጠራው በግሪካዊው አትክልተኛ ስም፣ «የኢልያ ቦስታን» ብሎ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በቦታው ላይ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊሠራ በታሰበ ቁጥር ነዋሪዎች ተሰባስበው ተቃወሙ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ዓመታት ታገሡ። በመጨረሻም በ2015 የጋራ የአትክልት ቦታ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ሰዎች በየመደባቸው ቲማቲምና ሰላጣ ይዘራሉ፤ ልጆች ይሯሯጡበታል።

ይህን ድል ሳከብር አንድ ነገር ከልቤ አይወጣም። ሰፈር አንድ ላይ ከቆመ መሬቱን ማዳን እንደሚችል ታይቷል። ሰውንም ማዳን ይችላል ማለት ነው። በዚያ ክፉ የ1955 ሌሊት ጎረቤታቸውን በቤታቸው የሸሸጉ የኢስታንቡል ሰዎች ነበሩ፤ ያጡት የብዙኃኑን መተባበር ነበር። ፈተናውም አላበቃም። የኩዝጉንጁክ ውበት ሲታወቅ ካፌው በዛ፣ የቤት ዋጋና ኪራይ ናረ፤ አቅም ያነሰው የቆየ ነዋሪ ዛሬም ዕቃውን ለመጫን ይገደዳል። በዚህ ጊዜ የሚያባርር ሕግ የለም፣ የሚጮህ ሕዝብም የለም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም።

የተዋበ ቤት፣ የታደሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ለምለም መደብ ሁሉም መልካም ነው። ሰፈር የሚለካው ግን እነዚህን አብሮን የሚጠቀም ጎረቤት ሳይሄድ በመቆየቱ ነው። የአትክልት ቦታው የኢልያን ስም ይዞ ቆይቷል። ስም መያዝ ቀላሉ ነው፤ ባለ ስሙ በሕይወት ሳለ አጠገባችን እንዲኖር መቆም ግን የሁላችን ዕዳ ነው።