«ሌላዋ» ኮምፒዩተር ናት!

የዛሬው ባለጉዳያችን እጮኛው «ሌላ አለችው» ብላ የጠረጠረችው ወጣት ነው። ሌሊት ስልኩን አይቶ ብድግ ይልና ይወጣል። ወዴት? ወደ ሚሠራበት ሱቅ! የደንበኞችን ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም ሠርቶ በሊኑክስ ላይ ያስኬዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ይነሳል፣ ፕሮግራሙ ግን እንደሞተ ይቀራል። አለቃው ያመለጠውን ትእዛዝ ከደሞዙ ይቆርጥበታል። «ሰርቪስ አድርጌዋለሁ እኮ፣ ምን ጎደለኝ?» ይላል።

አልሳቅሁበትም። እኔ ራሴ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ «ማንም እንዳይነካ!» የሚል ወረቀት ስክሪኑ ላይ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን የጽዳቷ እትዬ ወረቀቱን አንስተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ መሰኪያውንም ነቀሉልኝ።

ወንድሜ፣ የጎደለችህ አንዲት ቃል ናት። ሲስተምዲን (በፈረንጆች 2010 የመጣውን፣ ኡቡንቱም በ2015 የተቀበለውን የሊኑክስ አስተዳዳሪ ማለቴ ነው) «ስታርት» ስትለው ለአሁኑ ብቻ ያስነሳልሃል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እንዲያስነሳው «ኢኔብል» በለው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ አይደሉም! ኢኔብል እንዲሠራ ደግሞ የሰርቪስህ ፋይል መጨረሻ ላይ «ዋንትድባይ» የሚለው መስመር «መልቲዩዘር ታርጌት» ይበል። ፋይሉን በነካካህ ቁጥር «ዴመን ሪሎድ» ማለት አትርሳ፤ አለዚያ የድሮውን ይዞ ይቀጥላል።

እግረ መንገዴን ሌላም ልንገርህ። «ሬስታርት» ላይ «ኦን ፌይለር» ጻፍ፤ ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ሲወድቅ ራሱ ያነሳዋል። ግን በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሳና ከወደቀ ሲስተምዲ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። እንግዲያው «ሬስታርትሴክ» ላይ 5 በል፣ በመሃል ትንፋሽ ይውሰድ። «ዩዘር» የሚለውን መስመር ባዶ ካስቀረኸው ደግሞ ፕሮግራምህ በሩት ሥልጣን ይሄዳል። የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለአንድ ተላላኪ ማን ይሰጣል?

መብራት እስኪሄድ አትጠብቅ። ሱቁ ጭር ሲል ማሽኑን ራስህ አጥፍተህ አስነሳው፣ ከዚያ «ስታተስ» ብለህ እይ። ከወደቀም ምክንያቱን ጆርናልሲቲኤል ይነግርሃል።

እጮኛህን ደግሞ አንድ ቀን ወደ ሱቁ ይዘሃት ግባና ከ«ሌላዋ» ጋር አስተዋውቃት።