የተወረሰ ዜማ የተሰረቀ አይደለም

የአሜሪካውያኑን የሶል ሙዚቃ ቡድን፣ የአይስሊ ወንድማማቾችን «ስሪ ፕላስ ስሪ» አልበም «የሰው ዘፈን ለቃቅሞ የተሠራ» ሲል የተቸውን ጽሑፍ እዚህ አንኮበር ሆኜ አነበብኩት። ፍርዱ ግን ሚዛን የጎደለው ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ይህ አልበም 9 ዘፈኖች አሉት፤ 5ቱ የራሳቸው ናቸው። «ዛት ሌዲ» ራሳቸው በ1964 ያወጡት፣ በታናሽ ወንድማቸው በኧርኒ ጊታር እንደገና የተወለደ ዘፈን ነው። የአልበሙ ስምም («ሦስት ሲደመር ሦስት») ምስክር ነው፦ 3 ታላላቅ ወንድሞች ድምፃውያን፣ 2 ታናናሾችና 1 የጋብቻ ዘመድ ተጫዋቾች። ቤተሰብ ሙያ ሲያወርስ እንዲህ ነው።

የሌላውን ዜማ ማንሣት ነውር ከሆነ ትዝታን ምን ልናደርገው ነው? ማሕሙድ አሕመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ዘፍነውታል፤ ሌባ ያላቸው ግን የለም። አዝማሪም ከአባቱ የወረሰውን ዜማ በማሲንቆው ይዞ በራሱ ግጥም ያድሰዋል። አይስሊዎቹም የሲልስና ክሮፍትስን «ሰመር ብሪዝ» ተቀብለው ሶል አደረጉት።

አንባቢ ሆይ፣ የ«ሰመር ብሪዝ»ን ሁለት ቅጂዎች አከታትለህ ስማ፤ ከዚያ ፍረድ።