ሰገባውን የያዘው ማን ነው? ስለ ኬሎይድ የቀረበ ምላሽ

ስለ ኬሎይድ በተጻፈ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራው ተከሳሽ ቲጂኤፍ-ቤታ የተባለው ፕሮቲን ነው። ክሱ አጭር ነው፦ ቁስል ሲጠግግ ሴሎች የሚላላኩበት ይህ ፕሮቲን ከልክ በላይ በዛ፤ ስለበዛም ፋይብሮብላስት የተባሉት ሴሎች ቆዳው ከተደፈነ በኋላ እንኳ ኮላጅን መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ ጠባሳውም የቁስሉን ድንበር አልፎ ወጣ። ስለዚህ ፕሮቲኑን ያገደ ጠባሳውን ያግዳል ይባላል። ተከሳሹ ንጹሕ ነው አልልም። ብዛቱ ላይ ማተኮራችን ግን ያሳስተናል።

ክሱ ያለ ማስረጃ አልቀረበም። በ1990ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በማንችስተር የማርክ ፈርጉሰን ቡድን በአይጦች ቁስል ላይ ቤታ 1 እና ቤታ 2 የተባሉትን የፕሮቲኑን ዓይነቶች በአንቲቦዲ ሲያግድ ጠባሳው ቀነሰ። ቤታ 3 የተባለውን ወንድማቸውን ሲጨምርም እንደዚሁ። ከዚያ ምርምር ጁቪስታ የተባለ መድኃኒት ወጣ፤ በሰው ላይ የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎችም ተስፋ ሰጡ። በ2011 ግን ትልቁ የመጨረሻ ሙከራ የታለመለትን ውጤት ሳያሳይ ቀረ። ሙከራው የተደረገው በኬሎይድ ላይ ሳይሆን በተራ ጠባሳ ላይ ስለነበረ ውድቀቱን አላጋንነውም። ሆኖም የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ላላ ያለ፣ በስስ ጡንቻ ተስቦ የሚዘጋ ነው፤ አይጥ በተፈጥሮዋም ኬሎይድ አታወጣም። የእኛ ደረትና ትከሻ እንደዚያ አይደለም።

ፕሮቲኑ ከሴል ሲወጣ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ አይደለም። ሰገባው ውስጥ እንዳለ ጎራዴ በሌላ ፕሮቲን ተሸፍኖ፣ በሴሎቹ መካከል ካለው መረብ ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ሰገባው ከቀበቶ ካልታሰረና ልል ከሆነ፣ ጎራዴውን ሲስቡት አብሮ ይመጣል እንጂ አይመዘዝም። በ2007 የቦሪስ ሂንዝ ቡድን ያሳየው ይህንኑ ነው፦ የሚኮማተሩት ሴሎች ኢንተግሪን በተባሉ መያዣዎቻቸው ሽፋኑን ይስባሉ፤ መረቡ ጠንካራ ከሆነ ሽፋኑ ይከፈታል፣ ለስላሳ ከሆነ ግን አይከፈትም። የተከፈተው ፕሮቲን ደግሞ ስማድ 2 እና 3 በተባሉ መልእክተኞች በኩል ተጨማሪ ኮላጅን ያሠራል፤ መረቡ ይደድራል፤ የሚቀጥለው ጎራዴ ከፊተኛው በቀለለ ይመዘዛል። ስለዚህ ጎራዴው ስንት ነው ከማለት በፊት ሰገባውን ማን ያዘው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

የኬሎይድ ሴሎች ከጤናማዎቹ ይልቅ ብዙ ኮላጅን ይሠራሉ የሚለው ማስረጃ አብዛኛው የተገኘው በፕላስቲክ ሳህን ላይ ካደጉ ሴሎች ነው። ፕላስቲክ ከቆዳ እጅግ የደደረ ነው፤ ጤናማ ፋይብሮብላስት እንኳ እዚያ ላይ ሲቆይ የጠባሳ ሴል ጠባይ ይይዛል። ንጽጽሩ ዋጋ ቢስ ባይሆንም፣ መለካት የነበረበትን ነገር፣ የመረቡን ድድርና፣ ከመነሻው ለሁሉም ሴሎች እኩል አድሏል።

የውጥረቱ ነገር ደግሞ በሰው ገላ ላይ ይታያል። ቶኪዮ ውስጥ ሬይ ኦጋዋ ደጋግሞ እንዳሳሰበው፣ ኬሎይድ ደረትን፣ ትከሻንና የላይኛውን ጀርባ ይመርጣል፤ የዐይን ቆብ ላይ ግን እምብዛም አይታይም። የአንድ ሰው ደም፣ አንድ ዓይነት ጂን፣ ውጤቱ ግን እንደየቦታው ነው። በዚያው በ2011 የስታንፎርድ ሐኪሞች የሆድ ቆዳ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ሰዎች ላይ የስፌቱን ግማሽ ውጥረት በሚያረግብ ማጣበቂያ ሸፈኑ፤ ያ ግማሽ ከሌላው የተሻለ ጠባሳ ይዞ ዳነ። ሞለኪውሉን አልነኩም። በማግሥቱ ዓመትም እነዚሁ ተመራማሪዎች፣ የውጥረቱን ወሬ ወደ ሴሉ ውስጥ የሚያደርሰው ፋክ የተባለው ኢንዛይም ከፋይብሮብላስቶች ሲጠፋ የአይጦች ጠባሳ እንደሚያንስ አሳዩ።

ተቃዋሚዬ ጆሮን ያነሣብኛል፤ ልክም ነው። የጆሮ ጫፍ ማንም የማይስበው ሥጋ ነው፤ ሆኖም ጆሯቸውን ከተበሱ በኋላ ኬሎይድ የሚያወጡ ብዙ ናቸው። ያንን በውጥረት ላስረዳ አልሞክርም። የጉትቻው ቀዳዳ እየቆሰለና እየተመረዘ ሲከርም፣ ኢንተርሊውኪን 4፣ 6 እና 13 የመሳሰሉት የብግነት መልእክቶች እነዚያኑ ፋይብሮብላስቶች በሌላ በር ይቀሰቅሷቸዋል። በ2010 በጃፓናውያን ላይ የተደረገው የጂን ጥናትም ከኬሎይድ ጋር አያይዞ የጠቆመው ኔድ 4 የተባለውን ጂን የያዘውን ጨምሮ በሌሎች ሥፍራዎች ላይ እንጂ በቲጂኤፍ-ቤታ ጂን ላይ አልነበረም። አንዱን ተከሳሽ አስፈትቼ ውጥረትን ብቻውን ላሳስር ከሞከርኩ ያው ስሕተት ነው የምደግመው። ለደረት ኬሎይድና ለጆሮ ኬሎይድ አንድ መድኃኒት የሚያዘጋጅ ግን ሁለት በሽተኞችን በአንድ ካርድ እያከመ ነው።